ከአፈር ወደ ደም፦ በወላይታ የዝሆኔ በሽታ ጠቋሚ ፍለጋ ታሪክ

ከሶዶ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ጉኑኖ በአፈር ሳይንስ ባለሙያዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ሥፍራ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ባካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ጣቢያዎች ሲቋቋሙ አንዱ የደረሰው ለጉኑኖ ነበር። የጣቢያው ተግባር ዝናብ በወረደ ቁጥር ከተዳፋቱ ማሳ ምን ያህል ውኃ፣ ምን ያህልስ አፈር ታጥቦ እንደሚሄድ መለካትና መመዝገብ ነበር። እንሰቱንና ጎደሬውን፣ በቆሎውንና ስኳር ድንቹን የሚመግበው ቀይ የጉኑኖ አፈር በዚህ ሁኔታ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገባ።

የዚህ ዓይነቱ ቀይ አፈር ግን በዚያው ዘመን በሌላ ሙያ መዝገብም እየተጻፈ ነበር። የዚያ ሙያ ሰዎች ያሳሰባቸው ከማሳው ወጥቶ የሚሄደው አፈር ሳይሆን በባዶ እግሩ ወደሚያርሰው ገበሬ ገላ የሚገባው ነው። ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ ብዙም ሳይተዋወቁ ኖሩ። የግብርና ባለሙያው አፈሩን በቶን ሲመዝን፣ ሐኪሙ ያንኑ አፈር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልገው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን መዝገብ መተረክ ነው። ይኸውም በወላይታና በሌሎች የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ክፍሎች በሰፊው የሚታየው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ብለው የሰየሙት በሽታ ጠቋሚው የት እንደሆነ ለማወቅ የተደረገው ፍለጋ ነው። ፍለጋው ከእግር ተነሥቶ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሊምፍ ዕጢ፣ በመጨረሻም ወደ ዘረ መል ደርሷል። በየደረጃው የተገኘው ነገር ሳይንሱን እንዳበለጸገው አያጠራጥርም። ጠቋሚው በሕመምተኛው ላይ ሌላ ምልክት ሆኖ እንዳይለጠፍበት መጠንቀቅ ግን ከምርምሩ እኩል የከበደ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በሽታውን ለማያውቁት የሙያ ባልደረቦች ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ማብቂያና በወጣትነት መግቢያ ላይ ነው። በመጀመሪያ በእግር ጣቶች መካከል ማሳከክ፣ ሌሊት እግርን ማቃጠል፣ ከዚያም የቆዳ መወፈር ይታያል። እብጠቱ ከመርገጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ ግን ብርቅ ነው። ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ሆኖም እኩል አያደርጋቸውም። በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ ሕመምተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። በትል አማካይነት የሚመጣው ሌላው ዝሆኔ ግን፣ ማለትም የፊላርያው፣ ወባ የሚበዛበት ቆላ አገር በሽታ ነው። ከእግር ብቻ አይጀምርም፤ ብልትና ብሽሽትንም ያጠቃል። በአገራችን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጋምቤላ መኖሩ ተመዝግቧል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ቀላል ይመስላል። በ1960ዎቹ ግን እንዲህ አልነበረም። ዝሆኔ የተባለ ሁሉ የትል ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ጸንቶ ይኖር ስለነበር፣ በደጋው ሕመምተኛ ደም ውስጥ ትሉ ሲታጣ ብዙዎች የሚያማርሩት ምርመራውን እንጂ እምነታቸውን አልነበረም። ኦመን የተባሉት ሐኪም የመረጡት መንገድ የተለየና፣ በበኩሌ፣ እጅግ ብልህነት ያለበት ነው። ሕዝቡን በየቤቱ ከመፈለግ ይልቅ በገበያ ቀን ቆመው እግር ይቆጥሩ ጀመር። በ1969 የታተመው ጥናታቸው በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚገኙ 56 ገበያዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ከገበያተኛው ከመቶ 2.7 ያህሉ ያበጠ እግር እንዳለው አሳየ። በሽታው የበዛው ትንኝና ረግረግ ባለበት ሳይሆን ደጋውና ቀይ አፈሩ ባለበት መሆኑ ከዚህ ቆጠራ በግልጽ ወጣ።

ይህን ክር ይዘው እስከ መጨረሻው የተከተሉት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ ቀደም ሲል ስለ ሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የእግር ቁስል ባደረጉት ጥናት የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ የሰው እግር ለእርሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1970ዎቹ ውስጥ በተከታታይ ባወጧቸው ጽሑፎች ሦስት ጥያቄዎችን አነሡ።

የመጀመሪያው የሥፍራ ጥያቄ ነው። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ በሽታውን ከአፈርና ከአየር ጠባይ ጋር አያያዙት። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ በሚያገኝ ምድር ነው። ጉኑኖ እነዚህን ሁሉ ታሟላለች። ዝናቡ ድንጋዩን ፈጭቶ አፈር ያደርገዋል፤ አፈሩ እጅግ የላመ ደቃቅ ቅንጣት አለው፤ ገበሬው ደግሞ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ምድሪቱን ለምለም ያደረገው ነገርና እግርን የሚያሳብጠው ነገር አንድ መሆኑ የዚህ በሽታ መራራ ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው። አፈሩ በርግጥ ወደ ገላ ይገባል ወይ? ፕራይስ ከሄንደርሰን ጋር በ1978 ባሳተሙት ጥናት በባዶ እግር ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የተወሰደ የሊምፍ ዕጢ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ በውስጡ የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ውሁድ የሆኑ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ተገኙ። ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ ዘልቀው፣ በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ተውጠው፣ በሊምፍ ቧንቧ ተጉዘው እዚያ ደርሰዋል። የሊምፍ ቧንቧው በዚህ የተነሣ ይቆጣል፤ ቀስ በቀስ ይጠብቃል፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ለበሽታው በሰውነት ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያው ቁሳዊ ጠቋሚ ይህ ነው ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ቅንጣቱ በጤነኞች ዕጢም ይገኛል። አፈር የረገጠ ሁሉ አፈር ተሸክሟል፤ የታመመው ግን ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከዚህ የተወለደ ነው። በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ፣ ሁሉም ጫማ በሌለው እግር እየሠሩ አንዱ ታሞ ሌላው ስለ ምን ይድናል? ፕራይስ በ1972 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የዘር ጉዳይ ሊኖርበት እንደሚችል አመለከቱ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ በዚያው መጽሔት ላይ በሽታውን «ፖዶኮኒዮሲስ» ሲሉ ስም አወጡለት። ቃሉ ከግሪክ እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። የድንጋይ ከሰልና የማዕድን ሠራተኞች አቧራ ተንፍሰው ለሚያዙት የሳንባ በሽታ የተሰጠው ስም በዚህ አካሄድ ወደ እግር ወረደ። አንዱ በአፍንጫ፣ ሌላው በተረከዝ ይገባል፤ ሁለቱም የሠራተኛ ሰው በሽታዎች ናቸው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገረው ይህ ስም በአገራችን መጽሔት የወጣ መሆኑን ማስታወስ ለሙያችን የሚያኮራ ይመስለኛል። ፕራይስ በ1990 በዚሁ ርእስ መጽሐፍ አሳትመው በዚያው ዓመት አረፉ።

በመጽሐፋቸው ከሚነሡት ነጥቦች አንዱ ለኋላው ክርክር መሠረት ነው። ይህ በሽታ ቀድሞ በሰሜን አፍሪካና በካናሪ ደሴቶች፣ ከዚያም ራቅ ባለው ዘመን በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ጭምር ይታይ ነበር። ከእነዚያ አገሮች ሲጠፋ ያጠፋው መድኃኒት አልነበረም። ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ያለ አዋጅ ጠፋ።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። በዚያ ምድር ለረጅም ዘመን በሚስዮን ሐኪምነት የሠሩት አሜሪካዊው ናታን ባርሎው በ1990ዎቹ መጨረሻ በሶዶ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሚሆን ድርጅት መሠረቱ፤ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ስሙ «ማሲ ፉት» ይለዋል። ሕክምናው ማንም ሊያደርገው የሚችል ነበር። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በሚገድል ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ በገበያ ስለማይገኝ በልክ የሚሰፋበት ሥራ ተጀመረ፤ የተሻላቸው ሕመምተኞችም ሌሎችን ማስተማርና መርዳት ያዙ። ሳይንቲስቶቹ ከጊዜ በኋላ ወደ ወላይታ ሲመጡ ወደ ሕዝቡ የሚያስገባ በር ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

የአኀዙ ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2003 ከበደ ደስታ፣ ሙሉጌታ አሽኔና ጌል ዴቪ ያሳተሙት ጥናት በወላይታ ከሕዝቡ ከመቶ 5.46 በበሽታው መያዙን ገለጠ። ከሕመምተኞቹ የሚበዙት ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኑ ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣ፣ በጊዜው 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበረው የወላይታ ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር ተሰላ። እነዚህን ቁጥሮች ደጋግመን የምንጠቅሳቸው ባለሥልጣንን ስለሚያሳምኑ ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛውን ይበልጥ የሚጎዳው በዶላር የማይመዘን ነገር ነው።

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቱ ወይም የልጁ ዘር ማንዘር ይጠየቃል፤ ከአያት ቅድመ አያት መካከል ያበጠ እግር ከነበረ ነገሩ በዚያው ሊቀር ይችላል። ሕዝቡ ይህን የሚያደርገው በከንቱ አይደለም፤ በሽታው በቤተሰብ ሲደጋገም አይቷል። ያላየው ጫማን ነው። ያዕቆብና ባልደረቦቹ በ2008 በወላይታ ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመምተኛን የሚያገል አመለካከት እንደነበራቸው ታይቷል። «ሕዝቡ አልተማረም» እንዳንል፣ በ2010 የወጣው ተከታይ ጥናት የጠየቀው የጤና ባለሙያዎችን ነበር። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲያክሙም እንዳይጋባባቸው ይፈሩ ነበር። ይህ አኀዝ በማኅበራችን ስብሰባዎች ሊነበብ የሚገባው ይመስለኛል። ገበሬው ከጎረቤቱ ቢሸሽ ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ የነርሷና የሐኪሙ መሸሽ ግን ምን ሰበብ ይገኝለታል?

የዘር ጥናቱ የተጀመረው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጌል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሙት ሥራ ከወላይታ 59 ባለ ብዙ ትውልድ ቤተሰቦችን አጠኑ። ወንድም ወይም እኅት የታመመበት ሰው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በ5 እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። የውርስ ድርሻው ከመቶ 63 ተገመተ። ዕድሜና ጫማ ማድረግ ሁለቱም ጉልህ ሚና እንዳላቸው በዚያው ስሌት ታየ።

ይህ ከመቶ 63 የተባለው ቁጥር በብዙ ሰው ዘንድ ስሕተት ላይ የሚጥል ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ ሕመምተኛ ሕመሙ ከመቶ 63 እጁ ከአባቱ፣ የቀረው ከአፈሩ መጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በዚያ ሕዝብና በዚያ ዘመን በሰውና በሰው መካከል ለታየው ልዩነት ውርስ ያለውን ድርሻ ነው። ሁሉም አፈር በሚረግጥበት አገር አንዱን ከሌላው የሚለየው ዘሩ ይሆናል። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ ግን ዘረ መሉ ሳይለወጥ በሽታው ይቀራል፤ ቁጥሩም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ውርስ ከፍ ብሎ መገኘቱ በሽታው አይከለከልም ማለት እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ቀጣዩ እርምጃ በመላው የዘረ መል ስብስብ ላይ ልዩነቱን መፈለግ ነበር። ይህን የሠሩት ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አብርሃም አሰፋና ባልደረቦቻቸው፣ በእንግሊዝ የብራይተን እና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት መልኒ ኒውፖርትና ጌል ዴቪ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አዴቦዋሌ አዴዬሞና ቻርልስ ሮቲሚ በኅብረት ነው። ነገር ግን ደም ከመቅዳታቸው በፊት ያደረጉት ነገር ከውጤቱ የማያንስ ክብር ይገባዋል።

ይኸውም በ2009 በሁለት ጽሑፎች የታተመው ቅድመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ መንደሮቹ ወርደው፣ ሰው ፈቃዱን ሲሰጥ ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚፈራ አስቀድመው ጠየቁ። መልሱ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ሕመምተኞች እንዲህ ያለው ጥናት በሽታው በዘር መሆኑን አደባባይ አውጥቶ መገለላቸውን እንዳያብሰው ሠጉ። ሥጋቱ ምክንያታዊ ነው። ተመራማሪ «በቤተሰብዎ ሌላ የታመመ አለ ወይ?» ብሎ በደጃፍ ሲጠይቅ፣ በአጥሩ በኩል የሚሰማው ጎረቤት ያንኑ ጥያቄ ነገ ለልጁ ጋብቻ ይጠቀምበታል። በዚህ የተነሣ የፈቃድ አጠያየቁ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተዘጋጀ። ቅጽ ላይ ማስፈረምን የፈቃድ መጀመሪያና መጨረሻ አድርገን ለለመድን ብዙዎቻችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

ውጤቱ በመጋቢት 2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከወላይታ 194 ሕመምተኞችና 203 ጤነኞች ተነጻጸሩ፤ የተገኘውም በሌሎች 202 የአባት፣ የእናትና የልጅ ስብስቦች ተረጋገጠ። ጎልቶ የታየው ልዩነት የሰውነት መከላከያ ኃይል ወዳጅን ከባዕድ የሚለይበትን መሣሪያ የሚያዘው፣ ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት የሚባለው የዘረ መል ሠፈር ነበር። ከልዩነቶቹ በአንደኛው ላይ የተጋላጭነቱ ንጽጽር 2.44 ሆነ። ይህ ማለት ከአፈሩ ቅንጣት ጋር የሚጣላው የሰውየው የራሱ መከላከያ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ቅንጣቱን ችሎ ሲኖር የሌላው ሰውነት ግን ይቆጣዋል። ነገሩ በሌላ አገር ምሳሌ አለው። ቤሪሊየም በተባለው ብረት ከሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች መካከል በሳንባ በሽታ የሚያዙት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ የእነርሱም ተጋላጭነት ከዚሁ የዘረ መል ሠፈር ጋር መያያዙ በ1993 ታውቋል። የወላይታ ገበሬና የቤሪሊየም ሠራተኛ በአንድ ሕግ ይታመማሉ።

ጠቋሚ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ለመረዳት ከሌላ የሕክምና ክፍል፣ ከአንጎልና ከእርጅና ጥናት፣ ሁለት ምሳሌዎች ብናመጣ ይጠቅማል። በዚሁ በ1993 ሁለት ነገሮች ታወቁ። አንደኛው የሀንቲንግተንን የአንጎል በሽታ የሚያመጣው ዘረ መል ነው፤ ጥፋቱ ሙሉ ሆኖ ያለበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም። ሁለተኛው አፖ ኢ 4 የተባለው የዘረ መል ዓይነት ከአልዛይመር፣ ማለትም በእርጅና ከሚመጣው የመርሳት በሽታ፣ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ይህ ግን ሥጋትን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም። ዓይነቱን ይዘው አእምሯቸው ሳይደበዝዝ የሚሸመግሉ አሉ፤ ሳይዙትም የሚታመሙ አሉ። የወላይታው ግኝት ከሁለተኛው ወገን ነው። እንዲያውም ከእርሱ ይሻላል፤ ለመርሳት በሽታ እስከ ዛሬ ጫማ አልተገኘለትምና።

ከዘረ መል ውጭም ጠቋሚ ተፈልጓል። በ2010 የታተመ አንድ ሥራ በሕመምተኞች ደም ውስጥ የኦክሲጅን ጉዳት ምልክቶችንና ቁስል በሚጠግግበት ጊዜ የሚሠራ አንድ ፕሮቲን መጠንን ለክቷል። እንዲህ ያሉት ሥራዎች የበሽታውን አካሄድ ያብራራሉ፤ በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ምርመራ ግን አልሰጡንም። እስከ አሁን በአንዲት ጠብታ ደም «ይህ ፖዶኮኒዮሲስ ነው» የሚያሰኝ መሣሪያ የለም። ሐኪሙ የሚተማመነው በእብጠቱ አነሣስ፣ በሕመምተኛው የመኖሪያ ሥፍራና ሌሎቹን በሽታዎች፣ በተለይም ፊላርያንና ሥጋ ደዌን፣ በማግለል ነው።

የአገር አቀፉ ካርታ ሥራም የተካሄደው በዚሁ ዘዴ ነበር። ከበደ ደርቤና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳተሙት ይህ ሥራ ከ1,300 በላይ ማኅበረሰቦችንና 130,000 ያህል ሰዎችን ሲያካትት፣ የፊላርያ ትል በካርድ ምርመራ እየተለየ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ከሞላ ሰዎች መካከል ከመቶ 4 በሽታው ተገኘባቸው፤ ወላይታን በሚጨምረው የቀድሞው የደቡብ ክልል ከመቶ 8.3 ደረሰ። በአገሪቱ ሕመምተኛው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ፣ ለበሽታው በተመቸ ምድር የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ ያሰለፈው ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011 ነው።

ስለ አእምሮ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። በሽታው እግርን እንጂ አንጎልን አይነካም። የሚያሳድረው ሐዘን ግን ይነካል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከሕመምተኞች መካከል ከመቶ 12.6 የድብርት ምልክቶች ሲታዩባቸው፣ በጤነኞች ጎረቤቶቻቸው ዘንድ የታየው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.7 ብቻ ነው። ለዚህ ልዩነት የደም ጠቋሚ መፈለግ አያሻም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ሲሄድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ውኃ ሲቀዳ ተራ የሚነሣው ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ሕክምናውን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የጎደለው በሥርዓት የተደረገ ፍተሻ ነበር። እግር መታጠብ ይረዳል ይባል ነበር እንጂ በሚገባ አልተመዘነም ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ተከፍለው የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት፣ ወዲያው ሕክምናውን የጀመሩት ሰዎች አልጋ ላይ የሚያውላቸው የሕመም መነሣት ከመቶ 19 ያህል መቀነሱን አሳየ። ቅነሳው መጠነኛ ነው ቢባል ትክክል ነው። ነገር ግን የተገኘው በሳሙና፣ በቅባት፣ በፋሻና በጫማ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በጉኑኖ ዓይነቱ ተዳፋት ደግሞ የመታጠቢያው ውኃ ራሱ ከምንጭ በጀርባ የሚመጣ ነው።

የዘረ መሉ ግኝት ከታተመ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። ጥናቱ የተደረገው በወላይታ ሕዝብ ላይ ብቻ ስለነበረ፣ «ይህ የወላይታ ደም ነገር ነው» የሚል መደምደሚያ ለሚፈልግ ሰው በሩ ክፍት ነበር። በ2021 የወጣ ተከታይ ጥናት ያንኑ ግንኙነት በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ላይ አገኘው። ከዚህም በላይ፣ በወላይታ ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ከተገኙት የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች አንዱ፣ ዲ አር ቢ አንድ 07፡01 የተባለው፣ በአውሮፓ ሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚገኝ ነው። ስሙን ሳያውቁት የሚሸከሙት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አውሮፓውያን አሉ። እግራቸው ያላበጠው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ስለማያርሱ ነው።